ከቅጣቱ በፊት ያለው ሥራ፦ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ምን ይሠራል?

ፍሳሹን ወደ ወንዝ የለቀቀ ድርጅት ተቀጣ የሚል ዜና አዲስ አበባ ውስጥ አሁን አሁን እንግዳ አይደለም። ከተማ አስተዳደሩ በ2017 ዓ.ም የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ካወጣ ወዲህ በመቶ ሺዎች ብር የሚቆጠር ቅጣት ደጋግመን እንሰማለን። ሰዉ ዜናውን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። ግማሹ «እሰይ፣ የእጃቸውን አገኙ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይገባዋል። መልሱ ግን ቅጣቱ ውስጥ አይገኝም። ቅጣት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጨረሻ ሥራው ነው። እዚያ ከተደረሰ ወንዙ ተበክሏል፤ ፋብሪካው ተተክሏል፤ ቱቦው ተቀብሯል። የመሥሪያ ቤቱ ጥንካሬም ሆነ ድክመት የሚታየው ከዚያ በፊት ባለው ሥራ ነው። እሱ ደግሞ ዜና አይሆንም።

የትኛው ባለሥልጣን?

ግራ መጋባቱ ከስሙ ይጀምራል። በፌዴራል ደረጃ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። አዲስ አበባም የራሷ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አላት። ክልሎችም በተለያየ ስም የየራሳቸው አላቸው። አዋጅ ቁጥር 295/1995 እያንዳንዱ ክልል የራሱን የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁም ያዛል። ስለ ወንዝ ቅጣት የምንሰማው ዜና በአብዛኛው የከተማው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

ክፍፍሉ በግርድፉ እንዲህ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ወይም ጉዳቱ ከአንድ ክልል አልፎ ሌላውን የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራሉ ነው። የቀረው የክልል ነው። ወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ወንዝ ላይ ሲደርስ ይወሳሰባል።

አቃቂን እንውሰድ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ተነስተው አዲስ አበባን ያቋርጣሉ፤ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ኦሮሚያን አልፎ አፋር ይዘልቃል፤ ባሕር ሳይደርስም ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። መውጫ የሌለው ተፋሰስ ነው። ከላይ የተለቀቀ ብረትና ጨው ታጥቦ ወደ ውቅያኖስ አይሄድም። እዚያው ደለልና ማሳ ላይ ይቀራል። የሚለቀው አንድ አስተዳደር ውስጥ ነው፤ በውሃው ሰላጣና ቆስጣ የሚያጠጣው ገበሬ ሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። አትክልቱ ተመልሶ የሚሸጠው ደግሞ ላይኛው ከተማ ገበያ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለብቻው የሚጨርስ የክልልም ሆነ የከተማ ቢሮ የለም። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህ መሥሪያ ቤት ግን ከ2005 ዓ.ም ወዲህ ስሙ ደጋግሞ ተቀያይሯል። በ1987 ዓ.ም ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፤ ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። በ2005 የአካባቢና ደን ሚኒስቴር ሆነ። በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ የሚለው ተጨመረበት። በ2011 ወደ ኮሚሽን ወረደ። በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነና ተጠሪነቱ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ተደረገ። ስም በተቀየረ ቁጥር መዋቅር ይፈርሳል፤ ባለሙያ ይበተናል፤ የተጀመረ ክትትል ይቋረጣል። ከ10 ዓመት በፊት ለአንድ ፋብሪካ የተሰጠውን ቅድመ ሁኔታ ዛሬ ማን ነው መዝገቡን አውጥቶ የሚያመሳክረው? ለቁጥጥር ሥራ መዝገብ ማለት ትዝታው ነው።

የእሱ ያልሆነውንም መለየት ይጠቅማል። የደን ልማት በ2014ቱ አደረጃጀት ለሌላ ተቋም ተሰጥቷል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በ2016 ያሳወቀው የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ባለሥልጣኑ በዋናነት ተቆጣጣሪ ነው። ደረጃ ያወጣል፤ ይገመግማል፤ ይፈትሻል፤ ያስጠነቅቃል፤ ያስቀጣል።

ዋናው በር ፈቃዱ ላይ ነው

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚባለው ነገር እዚህ ይመጣል። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ፋብሪካ፣ መንገድ፣ ግድብ ወይም ማዕድን ማውጫ ከመጀመሩ በፊት በውሃ፣ በአየር፣ በአፈርና በሰው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ይጠናል፤ ጉዳቱ የሚቀንስበት መንገድም ይቀርባል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይህን ግዴታ አድርጎታል። ፈቃድ ሰጪ የሆነ መሥሪያ ቤት ሁሉ የኢንቨስትመንት ወይም የሥራ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ግምገማው መጽደቁን ማረጋገጥ አለበት። ባለሥልጣኑ ሰነዱን ተቀብሎ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ይወስናል። ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊያጸድቅ፣ በቅድመ ሁኔታ ሊያጸድቅ ወይም ሊከለክል ይችላል።

ይህ ደረጃ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለማየት አንድ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ እንግባ። ሞጆ አካባቢ ብዙ አሉ። ጥሬው ቆዳ መጀመሪያ ጸጉሩ እንዲራገፍ በኖራና በሰልፋይድ ይዘፈዘፋል። በኋላ እንዳይበሰብስና እንዲለሰልስ ክሮሚየም በሚባል ብረት ጨው፣ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ይለፋል። ከሁለቱ ሥራዎች የሚወጣው ፍሳሽ ጠባዩ ለየቅል ነው። የሰልፋይዱ ፍሳሽ ከአሲዱ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያለው ጋዝ መጠኑ ሲበዛ ሰው ይገድላል። ክሮሚየሙ ደግሞ ለብቻው ከተያዘ ተጣርቶ እንደገና ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ግን ዝቃጩን ሁሉ ይመርዘዋል፤ መጣያም ያሳጣዋል።

ስለዚህ ሰነዱን የሚገመግም ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው የቱቦውን ንድፍ ነው። ሁለቱ ፍሳሾች በተለያየ መስመር ይሄዳሉ? የክሮሚየሙ መስመር ማጠራቀሚያ አለው? ዝቃጩ የት ይጣላል? መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው በምን ይሠራል? እነዚህን በወረቀት ላይ ማስተካከል ብዙ ወጪ የለውም። ወለሉ ሲሚንቶ ከለበሰ በኋላ ግን ያው ማስተካከያ ፋብሪካውን አስቁሞ ማፍረስ ይጠይቃል። ባለቤቱ ያኔ እሺ አይልም፤ ሠራተኛው ይበተናል የሚል ክርክርም ይነሳል። በበሩ ላይ ያለፈ ስህተት ለ30 ዓመት ወንዝ ላይ ይኖራል።

በሩ ታዲያ ለምን ይላላል? አንደኛው ምክንያት ገንዘቡ ነው። ጥናቱን የሚያስጠናው ራሱ ባለሀብቱ ነው፤ አማካሪውን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም እሱ ነው። አሠራሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በብዙ አገር እንዲሁ ነው። ወጪውን አልሚው መሸከሙም ተገቢ ነው። ግን አማካሪው ቀጣዩን ሥራ የሚያገኘው ከዚያው ከባለሀብቶች ሰፈር ነው። «ይህ ቦታ ለዚህ ሥራ አይሆንም» ብሎ የሚጽፍ አማካሪ ደንበኛ አይበዛለትም። የዚህ ማካካሻው ገምጋሚው ጠንካራ መሆኑ ነው። በ15 የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ወፍራም ሰነድ አንብቦ፣ ቦታውን አይቶ፣ ነዋሪውን ሰምቶ መጨረስ ደግሞ ብዙ ሰውና ብዙ መኪና ላለው መሥሪያ ቤት እንኳ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ውክልና ነው። ባለሥልጣኑ በ2002 ዓ.ም ገደማ የግምገማ ሥልጣኑን ለዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶ ነበር። የማዕድን ፕሮጀክትን ማዕድን፣ የእርሻን ግብርና እንዲገመግም ማለት ነው። ደጋፊዎቹ የሚሰጡት ምክንያት አለ። ስለ ማዕድን ማውጣት የሚያውቀው የማዕድን ባለሙያ ነው፤ ሥራውም ይፈጥናል። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን የዘርፍ ሚኒስቴር የሚመዘነው ስንት ፕሮጀክት አስጀመረ፣ ስንት ዶላር አስገባ ተብሎ ነው። ያንኑ ፕሮጀክት አስቁም ማለት ከራሱ ዕቅድ ጋር ማጣላት ነው። በእኔ እምነት ይህ ውክልና ስህተት ነበር። ዕውቀቱን ከዘርፉ መዋስ ይቻላል፤ ውሳኔውን ግን መስጠት አይገባም።

ናሙናው የሚያልፍበት መንገድ

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ቁጥጥሩ ይቀጥላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለአካባቢ ተቆጣጣሪው ጠንከር ያለ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀድሞ ሳያሳውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ሳይዝ ወደ ግቢው መግባት ይችላል። ናሙና መውሰድ ይችላል። ሰነድ መመርመር፣ ሠራተኛ መጠየቅ ይችላል።

ችግሩ ከሥልጣኑ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው ፍሳሹ የሚወጣበት ቱቦ አፍ ላይ ደርሶ ጠርሙስ ይሞላል። ሙቀቱንና ፒኤቹን እዚያው ይለካል። ፒኤች ማለት ፈሳሹ ምን ያህል አሲድ ወይም አልካላይ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ለብረት ምርመራ የተያዘው ጠርሙስ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሌላው ጠርሙስ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በፍጥነት ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። እዚያ ቢኦዲ የሚባለው ይለካል። ፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ለመብላት ተሕዋስያን ከውሃው ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስዱ የሚያሳይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው። ምርመራው በ20 ዲግሪ ሙቀት 5 ቀን ይፈጃል። በመካከሉ መብራት ከጠፋ፣ ጠርሙሱ ላይ ሰዓቱና ቦታው በትክክል ካልተጻፈ ወይም ናሙናው መንገድ ላይ ከሞቀ፣ ውጤቱ ፍርድ ቤት ላይ አይቆምም። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚመታው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቅበትን ሰዓት የሚመርጠው ራሱ ነው። ተቆጣጣሪው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ይመጣል። ፍሳሹ ሌሊት ወይም ዝናብ ሲዘንብ ይለቀቃል። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ውሃው ጠዋት ጠዋት ቀለሙን እንደሚቀይር፣ ክረምት ሲገባ ሽታው እንደሚብስ ይነግርሃል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሌሊት ቢያሰማራ ወይም ቱቦው አፍ ላይ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢያስተክል ኖሮ ብዙው ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የድምፅ ብክለት ቀላል ነው። የአገሪቱ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ያስቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው፤ በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። መለኪያውን የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ በደቂቃ ውስጥ ውጤቱን ያየዋል። ላቦራቶሪ የለ፣ 5 ቀን መጠበቅ የለ። የታሸጉ የምሽት ክለቦች ዜና የሚበዛው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቅሙ ሲያንስ በቀላሉ ወደሚለካው ማዘንበሉ አይቀርም። ጎረቤቱ እንቅልፍ ማግኘቱ ጥሩ ነው። ክሮሚየሙ ግን ድምፅ የለውም።

ቅጣቱ ስንት ያወጣል?

አዋጅ 299 በ1995 ዓ.ም ሲወጣ የግምገማ ፈቃድ ሳያገኝ ፕሮጀክት የጀመረ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ደነገገ። በዚያን ጊዜ 1 ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር። ትልቁ ቅጣት ከ11,000 ዶላር በላይ ይሆን ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያው 100,000 ብር ከ1,000 ዶላር ያንሳል። ማጣሪያ መገንባት፣ ኬሚካል መግዛትና ኤሌክትሪክ መክፈል ደግሞ በዶላር ዋጋ የሚሄድ ነው። በዚህ ስሌት ሕግ አክባሪው ይከስራል፤ የሚበክለው ያተርፋል። ማጣሪያ ገንብቶ ሌሊት የሚያጠፋው ፋብሪካ ክፋት ብቻ አይደለም የሚነዳው፤ ሒሳቡም ነው።

የአዲስ አበባ ደንብ ቅጣቱን ከፍ ማድረጉ ይህን ስሌት ለመቀየር ነው። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ተቃውሞ የሚያቀርቡትም መሠረት የሌላቸው አይደሉም። ከፍተኛ ቅጣት ለትልቅ ድርጅት ወጪ ነው፤ ለትንሽ ጋራዥ ወይም ለአንድ ቁርስ ቤት መዝጊያ ነው። ሰፈሩ የፍሳሽ መስመር ከሌለው ትንሹ ነጋዴ ቆሻሻ ውሃውን የት ይድፋው? መስመር መዘርጋት ያለበት መንግሥት ራሱ ግዴታውን ሳይወጣ ሲቀጣ ቅጣቱ ገቢ መሰብሰቢያ ይመስላል። መኖሪያ ቤቶች የሚለቁት ፍሳሽም ከፋብሪካው ባልተናነሰ አቃቂን እየጎዳው ነው። ለዚህ መፍትሔው ቱቦና ማጣሪያ ጣቢያ ነው፤ ደረሰኝ አያጠራውም።

ሥራ ወይስ ውሃ?

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ይህ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ መቶዎች ደመወዝ ያጣሉ። አገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል። የቆዩት ፋብሪካዎች የተተከሉት እነዚህ አዋጆች ከመውጣታቸው በፊት ነው። እነዚህን ነጥቦች የሚያነሱ ሁሉ የብክለት ጠበቃ አይደሉም።

ሆኖም «ሥራ ወይስ ውሃ» የሚለው አቀራረብ አንድ ወገን ይረሳል። ከታች በወንዙ የሚያለማው ገበሬና ከብት የሚያጠጣው አርብቶ አደርም ሥራ አላቸው። ደመወዛቸው በሊስት ስላልተጻፈ ኪሳራቸው አይቆጠርም። ቴክኒኩም ቢሆን የለም አይባልም። በ2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ የሆነው ማጣሪያው ከመጀመሪያው ንድፉ ውስጥ ስለገባ ነው።

በሩ ላይ ያልተፈታ ነገር ወደ አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ጉጂ ዞን ውስጥ ታይቷል። የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2010 ዓ.ም ለ10 ዓመት ታደሰ። ሻኪሶና አካባቢው ያለው ሕዝብ ጤናችን ተጎድቷል ብሎ ተቃወመ። ግንቦት ላይ ፈቃዱ ታገደ። ያደሰውም ያገደውም የማዕድን ሚኒስቴሩ ነበር። ከማደሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የተጠየቀው ሰው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ማንም አልተጠቀመም። ነዋሪው ለዓመታት ያለ መልስ ቆይቷል፤ ኩባንያውም ያኔ ሥራው በአንድ ቀን ቆመበት፤ አገሪቱም የወርቅ ገቢዋ ቀረባት።

ባለሥልጣኑንስ ማን ይጠይቀዋል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የሚባል የሰብዓዊ መብት ድርጅት የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች መበከል ይዞ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን አልነበረም። ራሱን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው፤ ግዴታህን አልተወጣህም ብሎ። ፍርድ ቤቱ ባለሥልጣኑ ሊከሰስ አይገባውም፤ ክሱ መቅረብ ያለበት በበካዮቹ ላይ ነው በሚል መዝገቡን ዘጋው። ይግባኙም አልተሳካም።

ጎረቤት ኬንያ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ የአካባቢ ባለሥልጣኑን ውሳኔ የሚመረምር ራሱን የቻለ ልዩ ችሎት አለ። ባለሥልጣኑ ላሙ ላይ ሊሠራ ለታሰበው የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የሰጠውን ፈቃድ ይህ ችሎት በሰኔ 2011 ዓ.ም ሰረዘው። አንዱ ዋና ምክንያት ነዋሪው በበቂ ሁኔታ አልተሰማም የሚል ነበር። ተቆጣጣሪው ራሱ በሌላ ዓይን እንደሚታይ ካወቀ ሰነዱን በጥንቃቄ ያነባል። የእኛ ሥርዓት የጎደለው ይህ ነው፤ ከቅጣት መጠንም፣ ከስም ለውጥም ይልቅ ሕግ አውጪው ሊነካው የሚገባ ቦታ እዚህ ይመስለኛል።

እስከዚያው በእጅ ያለ አንድ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እኔን ነክቶኛል ማለት ሳያስፈልገው፣ ብክለት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በቃል የተነገረ አቤቱታ ግን ቀኑን ማስላት አይቻልም። በጽሑፍ ይግባ። በሁለት ቅጂ ይሁን። አንደኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም ያድርግበት። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።